የግቢው ኮብል ሰረጎደ፣ የደጁ መንገድ ተቆፈረ፦ ማን ይጠግን?

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ሲኤምሲ አካባቢ ነው። 32 ተያያዥ ቤቶች ነን፤ ሁላችንም ከአንድ ሪል ስቴት ገዝተን ከገባን ስድስት ዓመታችን ነው። ግቢያችን የጋራ በርና ጥበቃ አለው። የውስጥ መንገዳችን ኮብልስቶን ነው፤ ሁለት ቦታ ላይ ሰርጉዶ ዝናብ ሲመጣ ኩሬ ይሆናል። ወረዳ ሄደን ስንጠይቅ ‹የግል ግቢ ነው፣ አይመለከተንም› አሉን። ሻጩ ‹እኔ አስረክቤያለሁ› ይላል። ኮሚቴው በየቤቱ 15 ሺህ ብር እናዋጣ ብሏል። ከበሩ ውጭ ያለው የእግረኛ መንገድ ደግሞ ለመስመር ዝርጋታ ተቆፍሮ በአፈር ብቻ ተደፍኖ ቀረ። የ67 ዓመት እናቴ ባለፈው ወር እዚያ ወድቃ እጇ ተሰበረ። ኒውዮርክ ያለው ወንድሜ ‹እዚህ ከደጅህ ያለውን መንገድ የምትጠግነው አንተው ነህ፣ እናንተም መጠየቃችሁ አይቀርም› አለኝ። የማን ኃላፊነት ነው?»

ምላሽ፦

ከሁሉ በፊት እናትዎን እግዜር ይማርልዎ። የእሳቸውን ጉዳይ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ፤ ቀን የሚቆጠርበት ነገር ስላለው እባክዎ እስከዚያ ድረስ ያንብቡ።

እኔ መሐንዲስ ነኝ። ብዙ ዓመት የሠራሁት የከተማ መንገድ ጥገና ላይ ነው፤ አሁን የነዋሪ ማኅበራትን አማክራለሁ። እርስዎ የጻፉትን ዓይነት ጥያቄ በየክረምቱ መግቢያ እሰማለሁ። ሁልጊዜም ክርክሩ የሚጀምረው ከገንዘቡ ነው። «ማን ያዋጣ፣ ስንት ያዋጣ» ይባላል። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ግን መንገዱ ያረፈው በማን ይዞታ ላይ ነው የሚለው ነው። ይህ ሳይታወቅ የሚሰበሰብ መዋጮ ብዙ ጊዜ የሰው ዕዳ መክፈል ይሆናል።

ወረዳው «የግል ግቢ ነው» ያላችሁ በሩን አይቶ ከሆነ በቂ መልስ አይደለም። በር መንገድን የግል አያደርግም። አንድ ሰፈር አውቃለሁ። ሌባ ሲበዛባቸው መንገዱን በብረት በር ዘጉ፤ ዘበኛ ቀጠሩ፤ አሥር ዓመት ሞላቸው። በመጨረሻ የሰፈሩ ሰው ራሱ መንገዱ የእኛ ነው ብሎ አመነ። የፍሳሽ መስመራቸው ሲፈነዳ ግን ፕላኑ ወጣ። መንገዱ በከተማው ፕላን ላይ የሕዝብ መንገድ ነበር። በራቸውን እንዲያነሡ ታዘዙ፤ ጥገናውም የከተማው ሆነ። ተቃራኒውም አለ። በር የሌለው፣ ማንም አቋርጦ የሚያልፍበት፣ ግን ከዳር እስከ ዳር በአንድ ይዞታ ውስጥ ያለ መንገድ አይቻለሁ።

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን (የ1952ቱ) ከአንቀጽ 1444 ጀምሮ ስለ ሕዝብ ንብረት ይናገራል። መንገዶችና ጎዳናዎች በአንቀጽ 1446 በስም ተጠቅሰዋል። እንዲህ ያለ ንብረት ከሕዝብ አገልግሎት መውጣቱ ካልታወጀ አይሸጥም፤ ለረጅም ጊዜ ይዤዋለሁ በማለትም የግል አይሆንም። አንቀጽ 1454ንና 1455ን ይመልከቱ። ሰው ይህን የሚያነበው «አይወስዱብንም» ወይም «አንወስድም» በሚለው በኩል ብቻ ነው። ሌላ ትርጉምም አለው። የሕዝብ መንገድ ስላጸዳችሁት፣ አበባ ስለተከላችሁበት፣ ኮብል ሲነጠፍ ስላዋጣችሁበት የእናንተ አይሆንም። የእናንተ ካልሆነ ደግሞ የመጠገን ግዴታው ወደ እናንተ አይዞርም።

ይህን የምለው በምክንያት ነው። በአዲስ አበባ ብዙ የመንደር ውስጥ ኮብል የተነጠፈው ነዋሪው ከኪሱ አዋጥቶ ነው። ያዋጣ ሰው ደግሞ «የእኛ ነው» ይላል። ቢሮውም ሲመቸው «የእናንተ ነው» ይላል። መዋጮ ግን እርዳታ እንጂ ርክክብ አይደለም።

ስለዚህ የመጀመሪያ ሥራዎ ሁለት ወረቀት ማግኘት ነው። አንደኛው የእርስዎ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ። ሁለተኛው የግቢው ጠቅላላ ሳይት ፕላን፣ ግንባታው ሲፈቀድ የጸደቀው። ጎን ለጎን ያስቀምጧቸው። የእርስዎ ካርታ ወሰን የት ላይ እንደሚያልቅ ይዩ። ከዚያ መስመር ውጭ ያለው ኮብል በማን ስም ነው?

መልሱ በአብዛኛው ከሦስት አንዱ ነው። እያንዳንዱ ቤት የራሱ ካርታ ኖሮት መንገዱ በካርታዎቹ መካከል «መንገድ» ተብሎ ከታየ፣ በርም ይኑረው ዘበኛ፣ መንገዱ የከተማው የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ያኔ ወረዳው «አይመለከተንም» ሊላችሁ አይችልም። መንገዱ በጋራ ይዞታችሁ ውስጥ ካረፈ የእናንተ የጋራ ንብረት ነው፤ መዋጮውም አግባብ ነው። ሦስተኛውን ብዙ ሰው አያስበውም። ቤቶቹ ለገዢዎች ተላልፈው መንገዱ፣ አረንጓዴ ቦታውና የጥበቃ ቤቱ አሁንም በሻጩ ስም የቀረበት ግቢ ጥቂት አይደለም። እንዲህ ከሆነ «አስረክቤያለሁ» የሚለው ሰው ያስረከበው ቁልፍ ብቻ ነው።

«ለማን አስረከብክ? በየትኛው ወረቀት?» ብላችሁ በደብዳቤ ጠይቁት። በቃል አትጠይቁ። ቤት ርክክብና መንገድ ርክክብ ለየቅል ናቸው። እናንተ የፈረማችሁት የቤቱን፣ የቆጣሪውን፣ የቁልፉን ዝርዝር ሊሆን ይችላል። መንገድ ሲረከቡ ግን ስፋቱ፣ ርዝመቱ፣ የውሃ መውረጃው፣ የማንሆሉ ብዛት ይጻፋል። እንግሊዝ አገር ይህ ጉዳይ በደንብ ተለይቶ የተቀመጠ ነው። አልሚው የሠራው የሰፈር መንገድ የአካባቢው የመንገድ ባለሥልጣን በውል ተቀብሎ «የእኔ ነው» እስኪል ድረስ የግል ሆኖ ይቆያል። እስከዚያም የጥገናው ዕዳ ከአልሚውና መንገዱን ተከትለው ከሚኖሩት ጋር ነው። ቤት የሚገዛ ሰው ጠበቃው ገና ከፊርማ በፊት ስለዚህ ይጠይቅለታል። እኛም ጋ ቤት ስንገዛ ስለ ሴራሚኩ የምንጠይቀውን ያህል ስለ መንገዱ ብንጠይቅ ምን ያህል ጭቅጭቅ ይቀር ነበር!

አሁን ስለ እናንተ ግቢ ዓይነት። ቤቶቹ ተያያዥ ናቸው ብለዋል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። የጋራ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 370/1995 ብዙ ሰው ስለ ኮንዶሚኒየም ፎቅ ብቻ የወጣ ይመስለዋል። አዋጁ ግን አምስትና ከዚያ በላይ በተናጠል ባለቤትነት የተያዙ ቤቶች ያሉበትን ሕንፃ፣ ፎቅም ይሁን በተርታ የተሠራ፣ ያካትታል። እናንተ 32 ናችሁ። ግቢያችሁ በዚህ አዋጅ መሠረት ተመዝግቦ ከሆነ ከቤቶቹ ውጭ ያለው ሁሉ የጋራ መጠቀሚያ ነው፤ የውስጥ መንገዱም እዚያ ውስጥ ይገባል። የሚያስተዳድረው የቤት ባለቤቶች ማኅበር ነው። ወጪውም የሚከፋፈለው በምዝገባው መግለጫ ላይ ለየቤቱ በተሰጠው ድርሻ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ኮሚቴያችሁ አንድ ነገር ልበል። ኮሚቴና ማኅበር አንድ አይደሉም። ኮሚቴ በዋትስአፕ ግሩፕ ይመረጣል፤ በጎ ፈቃድ ነው፤ ሰዎቹም ጊዜያቸውን ሰጥተው የሚለፉ ናቸው፣ ሊመሰገኑ ይገባል። ግን የተመዘገበ ማኅበር ካልሆነ ሻጩን በስሙ መክሰስ አይችልም፤ ከተቋራጭ ጋር በግቢው ስም መዋዋል አይችልም፤ አልከፍልም ያለውን ጎረቤትም ማስገደድ አይችልም። መጨረሻው ፈቃደኛው ከፍሎ እንቢተኛው የሚሄድበት መንገድ ነው። ማኅበር ከሌላችሁ ከኮብሉ በፊት እሱን አቋቁሙ።

በየቤቱ እኩል 15 ሺህ መባሉም መጠየቅ አለበት። በተመዘገበ የጋራ ሕንፃ ድርሻ እኩል ላይሆን ይችላል። የዳር ቤት፣ ሰፊ ቤት፣ ሱቅ የተከፈተበት ቤት ካለ መግለጫው ላይ የተለየ ቁጥር ሊኖራቸው ይችላል። ደግሞስ 32 ሲባዛ በ15 ሺህ 480 ሺህ ብር ነው። ለሁለት የሰረጎደ ቦታ? ስንት ካሬ ነው? ምክንያቱ ምንድን ነው? ይህን የሚመልስ ወረቀት ሳታዩ አትክፈሉ።

ምክንያቱን የምታውቁት ደግሞ በመክፈት ብቻ ነው። ባለፈው ዓመት የአንድ ግቢ ሰዎች እንደ እናንተው ጠርተውኝ ነበር። ኮብሉ የሳፋ ያህል ሰርጉዷል። ኮንትራክተሩ ላዩን በሲሚንቶ ልሙላው ብሎ ዋጋ ሰጥቷል። እኔ አንድ ካሬ አንሡልኝ አልኩ። ሁለት ልጆች በዲጂኖ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ነቅለው ዳር ላይ ደረደሯቸው። ድንጋዮቹ ምንም አልሆኑም፤ ጠርዛቸው እንኳ አልተሸረፈም። ከሥራቸው አምስት ሳንቲም ያህል አሸዋ ሊኖር ሲገባ በጣት የምትጠረግ አቧራ ብቻ ነበረች። ከእሷ ሥር ገረጋንቲ፣ ማለት ለመንገድ መሠረት የሚጠቀጠቀው ጠጠራማ አፈር፣ የለም። እርጥብ ጥቁር አፈር ነው፤ መካከሉ ላይ ግማሹ የተቀበረ የሲሚንቶ ከረጢት አለ። ግንበኛው ሥራውን ሲጨርስ ቆሻሻውን እዚያው ቀብሮ አንጥፎበት ሄዷል።

ሲኤምሲና ሰሚት አካባቢ ብዙ ቦታ መሬቱ ጥቁር አፈር ነው። ይህ አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በየዓመቱ እንዲህ ሲተነፍስ ላዩ ላይ ያለው ነገር አብሮት ይነሣል፣ ይወርዳል። መፍትሔው ቆፍሮ ማውጣት፣ ገረጋንቲ በንብርብር እየሞሉ መጠቅጠቅ፣ ከዚያ አሸዋ፣ ከዚያ ያው ድንጋይ። ዳሩ ላይ ጠርዝ ድንጋዩ ጠንካራ ካልሆነ ኮብሉ ወደ ጎን ይሸሻል። ውሃው መውጫ ከሌለውም ሌላው ልፋት ሁሉ ከንቱ ነው። በአንድ ሜትር ሁለት ወይም ሦስት ሳንቲም ወደ ውሃ መውረጃው ቦይ ዘንበል ይበል። የተነሣው ድንጋይ ተመልሶ ያገለግላልና አዲስ ድንጋይ ግዙ የሚላችሁ ካለ ለምን እንደሆነ ጠይቁት። ሲሚንቶ ከላይ ማፍሰስ ግን በፍጹም። ውሃውን ያግተዋል፤ ቀጣዩ ጥገናም ድንጋዩን መስበር ይሆናል።

ይህን የምዘረዝረው ከኃላፊነቱ ጥያቄ ጋር ስለሚገናኝ ነው። መንገዱ ስድስት ዓመት ካገለገለ በኋላ ሲኖትራክ ገብቶበት ከሰረጎደ ዕዳው የተጠቃሚው፣ ወይም መኪናውን ያስገባው ሰው ነው። ከሥሩ ከረጢትና ጥቁር አፈር ከተገኘ ግን ከመጀመሪያውም ጉድለት ነበረው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 3039 በማይንቀሳቀስ ንብረት ላይ የሠራ ተቋራጭ ለሥራው ጥራትና ጥንካሬ ከርክክብ ጀምሮ ለ10 ዓመት ዋስ መሆኑን ይናገራል። እናንተ ስድስተኛ ዓመታችሁ ላይ ናችሁ። ይህን በሻጩ ላይ እንዴት እንደምታነሡት የሚወስነው ውላችሁ ነው፤ ውሉን ለጠበቃ አሳዩ። ጉድጓዱ ሲከፈት ግን ፎቶና ቪዲዮ አንሡ፤ ሜትር አስገብታችሁ ጥልቀቱን አሳዩ፤ ቢቻል ሻጩ ተወካይ እንዲልክ በደብዳቤ ጥሩት። ከተዘጋ በኋላ ማስረጃው አብሮ ይቀበራል።

አሁን ከበሩ ውጭ እንውጣ።

የእግረኛ መንገድ የዋናው መንገድ አካል ነው። እንደ አስፋልቱ ሁሉ የሕዝብ ነው። ወንድምዎ የተናገሩት ስለ ኒውዮርክ ልክ ነው። እዚያ ከደጃፍ ያለውን የእግረኛ መንገድ መጠገን የባለንብረቱ ግዴታ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ደግሞ ሰው ቢጎዳ ካሣውም በባለንብረቱ ላይ እንዲሆን ሕግ ወጥቷል፤ ባለቤቱ የሚኖርባቸው ከአንድ እስከ ሦስት ቤተሰብ የሚይዙ መኖሪያ ቤቶች ከካሣው ነፃ ናቸው። ያ ግን የዚያ ከተማ ሕግ ነው። እኛ ጋ ደጃፍን ማጽዳትና መንገድን መጠገን ተለይተው መታየት አለባቸው። ከደጅዎ ቆሻሻ እንዲያነሡ ቢጠየቁ ተገቢ ነው። የተቆፈረ ንጣፍ መልሰው እንዲሠሩ ግን አይጠበቅብዎትም።

የሚጠበቅበት የቆፈረው ነው። በከተማው መንገድ የሚቆፍር ሁሉ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤትም ይሁን የግል ተቋራጭ፣ ፈቃድ ወስዶ ቆፍሮ እንደነበረ መመለስ አለበት። «እንደነበረ» ማለት አፈር መመለስ አይደለም። ከ15 እስከ 20 ሳንቲም እየሞሉ፣ እያንዳንዱን ንብርብር በኮምፓክተር እየጠቀጠቁ፣ በመጨረሻ ንጣፉን ማልበስ ነው። አፈሩ በአንድ ጊዜ ተጠቅልሎ ከተጣለበት በበጋ ደህና መስሎ ይቆያል። የመጀመሪያው ዝናብ ሲመጣ ይወርዳል። እናትዎ የወደቁበት ጉድጓድ የተቆፈረ ዕለት የነበረው ጉድጓድ ላይሆን ይችላል። ከዝናብ በኋላ ራሱ የወረደ ነው።

ማን እንደቆፈረ እንዴት ይታወቃል? ፈቃዱ ላይ። የወረዳው ወይም የክፍለ ከተማው ጽሕፈት ቤት በዚያ ቀን በዚያ መንገድ ላይ ለማን እንደተፈቀደ እንዲገልጽላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። ደብዳቤውን ሁለት ቅጂ አድርጉት። አንዱ መዝገብ ቤት ይግባ፤ በእጅዎ የሚቀረው ላይ የገቢ ማህተም፣ ቁጥርና ቀን ይደረግበት። ያለ ማህተም የተሰጠ ደብዳቤ እንዳልተሰጠ ይቆጠራል። በአካባቢው ሱቅ ያላቸው ሰዎችም መኪናው ላይ ምን ተጽፎ እንደነበር ያስታውሳሉ፤ ሳይረሱት ጠይቋቸው።

አንድ ነገር ግን አደራ። ከበራችሁ ፊት ለመኪና መግቢያ ተብሎ በእግረኛ መንገዱ ላይ በሲሚንቶ የተሠራ ተዳፋት ካለ አሁኑኑ አስተካክሉት። እያንዳንዱ ባለ ጊቢ የራሱን ተዳፋት ሲያፈስ መንገዱ ኮረብታና ሸለቆ ይሆናል። አዛውንት፣ ዊልቸር የሚጠቀም ሰው፣ ልጅ ያዘለች እናት ወደ አስፋልቱ ይወርዳሉ፤ መኪናው ያገኛቸዋል። እዚያ ላይ ሰው ቢወድቅ ደግሞ ጥፋተኛው የሠራው ነው። ከ2016 ዓ.ም ወዲህ በኮሪደር ልማቱ ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች ስላየን ሰው ስለ ንጣፍ ማውራት ጀምሯል። ደስ ይለኛል። የውስጥ ለውስጡም መንገድ ያው እግር ነው የሚረግጠው።

ወደ እናትዎ ልመለስ። ካሣ የመጠየቅ መብት አላቸው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2028 መሠረት በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ሰው ኪሣራውን ይከፍላል። ቆፋሪው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነም በሩ አልተዘጋም። አንቀጽ 2126 የመንግሥት ሠራተኛ በሥራው ላይ ባጠፋው ጥፋት ተጎጂው መንግሥትን ካሣ መጠየቅ እንደሚችል ያስቀምጣል። ቀን ይቆጠራል ያልኩት እዚህ ላይ ነው። በአንቀጽ 2143 ክሱ መቅረብ ያለበት ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው። ሁለት ዓመት ብዙ ይመስላል። ደብዳቤ ከቢሮ ቢሮ ሲዞር፣ «ነገ ይምጡ» ሲባል ግን ሳይታወቅ ያልፋል። ደብዳቤ መላላካችሁ ቀኑን ያቆምልናል ብላችሁ አትተማመኑ።

ዛሬውኑ ቦታውን ፎቶ አንሡት። አንድ ፎቶ ከሩቅ፣ በራችሁና መንገዱ አብሮ እንዲታይ። አንድ ፎቶ ከቅርብ፣ ሜትር ወይም እስክሪብቶ ጉድጓዱ ውስጥ አስቀምጣችሁ። ከዚያ በኋላ፣ ከዚያ በፊት ሳይሆን፣ ጉድጓዱ ላይ ድንጋይና ቀይ ጨርቅ አድርጉበት፤ ሌላ ሰው እንዳይወድቅ። ሲወድቁ ያየ፣ ያነሣቸው ወይም ሐኪም ቤት ያደረሳቸው ሰው ስምና ስልክ ጻፉ። የራጅ ፊልሙ፣ የሐኪም ወረቀቱ፣ የመድኃኒት ደረሰኙ፣ የራይድ ሒሳቡ ሳይቀር በአንድ ፋይል ይግባ። የሐኪም ወረቀቱ ላይ «መንገድ ላይ በመውደቅ» የሚል ከሌለ ሐኪሙ የሰሙትን ታሪክ እንዲጽፉበት ጠይቁ። ቤት ውስጥ የሚያግዛቸው ሰው ከቀጠራችሁም የከፈላችሁትን መዝግቡ። ለየቢሮው የምትሰጡት ኮፒ ብቻ ይሁን፤ ኦሪጅናሉ ከእናትዎ እጅ አይውጣ።